የኖቦሩ ትከሻና የጸጉር ቤቱ ምሰሶ

ይድረስ በሰፊው ባሕር ላይ ከቱና ዓሣ ጋር ለሚታገለው ታናሽ ወንድሜ ለሴይጂ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ ሐዘንና በሙሉ ኃላፊነት አንድ ነገር ላስታውቅህ እገደዳለሁ። በጸጉር ቤቴ በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሽከረከር የኖረው ባለ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ምሰሶ ከሐምሌ 13 ቀን ጀምሮ መሽከርከሩን አቁሟል። ምክንያቱ የባሕር ጨው ሞተሩን ስለበላው ነው። ሕዝቡ በአደጋው ክፉኛ ተናውጧል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ሁለት ጊዜ እየመጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አይቶት፣ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ሦስት ደንበኞች ተዘግቷል ብለው ከበር ተመልሰዋል። እናታችን ብቻ "ተመስገን፣ እሱ ሲዞር እኔንም ያዞረኝ ነበር" ብላ ምሳዋን በልታለች።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ዓመት በመንጠቆ የተወጋው አውራ ጣትህ ጥፍር አበቀለ ወይስ እንደ ሕፃን ጣት ለስልሶ ቀረ? እንቅልፍ ታገኛለህ? ወጥ ቤታችሁ አሁንም ሩዙን እያሳረረ "የመርከቡ ንቅናቄ ነው" ይላል? ማዕበሉ፣ ብርዱ፣ ሙቀቱ፣ የካፒቴኑ ጠባይ፣ ሁሉም እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ካጌኡራ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ምላሷ ከሷም ይበልጥ ደህና ነው። ባለቤትህ ሳቺኮ ደህና ናት። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ። ደህና ነን ስልህ ግን ከነአካል ክፍላችን በሙሉ ማለቴ አይደለም። ከቤተሰባችን መካከል አንድ ትከሻ ታሟል።

የልጅህ የኖቦሩ ቀኝ ትከሻ ነው። አትደንግጥ። መደንገጥህ ካልቀረም ተቀምጠህ ደንግጥ፤ መርከብ ላይ ቆሞ መደንገጥ አደገኛ ነው ይባላል። ልጁ ይድናል። እስኪድን ድረስ ግን የሆነውን፣ ያልሆነውንም፣ ከአንተ ልሰውር አልችልምና ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ሥሩ አንተ ነህ። በየካቲት ወር ከላስ ፓልማስ ወደብ ግመል ያለበት ፖስት ካርድ ልከህ ነበር። ከጀርባው "ኳሱን ለሌላ አትስጥ። ሴይጂ።" ይላል። ሌላ ነገር የለውም፤ "እንዴት ናችሁ" እንኳን የለውም። እኔ አንተን ስለማውቅህ፣ በአንድ እጅህ የቢራ ብርጭቆ ይዘህ፣ ሌሎቹ መርከበኞች ሲጠሩህ እየቸኮልክ የጻፍከው እንደሆነ ይገባኛል። ልጅህ ግን እንደ ንጉሥ አዋጅ ተቀበለው። የቤዝቦል ኮፍያውን ገበር ተርትሮ ፖስት ካርዱን ከነግመሉ ከውስጥ ሰፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ በራሱ ላይ የሚጭነው ኮፍያ ሳይሆን አባቱን ነበር።

ከዚያም በጸደይ አሰልጣኝ ኢዋሳኪ ከሁሉም ትልልቅ ልጆች አሳልፎ ቁጥር አንድ መለያን ለኖቦሩ ሰጠው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለባላጋራ መቺ ኳስ የሚወረውር የቡድኑ ዋና ወርዋሪ ሆነ። ሳቺኮ ቁጥሩን በማልያው ጀርባ ላይ ስትሰፋ ሦስት ጊዜ ፈታ ሦስት ጊዜ ሰፋችው፤ ጠማማ የሆነው ቁጥሩ ሳይሆን በእንባ የተሞላው ዓይኗ ነበር። አሰልጣኙ የሚያምንበትን ሳይንስ ታውቀዋለህ፦ "ትከሻ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ በቀዱት ቁጥር ይጠራል።" እናም ልጁ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ፣ በእሑድ ሦስት መቶ ጊዜ ይቀዳ ጀመር።

ከተማውም የበኩሉን አስተዋጽኦ አላጓደለም። የወርዋሪ ትከሻ ብርድ እንዳይነካው ተብሎ ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕር እንዳይገባ ተከለከለ። የአየር ማራገቢያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናታችን የድሮ ሹራብህን እጅጌ ቆርጣ በዚያ በሰኔ ወበቅ ትከሻው ላይ አስራለት ያድር ነበር። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ሲያልፍ ሲያገድም "ኖቦሩ፣ ከባዱን ዕቃ በግራህ ያዝ!" ይሉታል። ልጁ ራሱ እንደ ዕቃ ነበር የሚያዘው፤ በአንድ በኩል "ተሰባሪ ነው፣ ተጠንቀቁ" የሚል የተለጠፈበት፣ ከዚያም በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ የሚወረወር ዕቃ።

እኔም ድርሻ ነበረኝ። የጸጉር አስተካካይ ወጉ ይታወቃል፤ ጸጉር ከተቆረጠ በኋላ የደንበኛውን ትከሻ ማሸትና መደብደብ ነው፤ ያለዚያ ሰው የተቆረጠ አይመስለውም። ኖቦሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጸጉሩ ባያድግም፣ እየመጣ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኔም ያን ቀኝ ትከሻውን በእነዚህ ዝነኛ አውራ ጣቶቼ አሸዋለሁ። ለተሰለፉት ደንበኞችም "ይህ ክንድ የሚወረውረው ሜዳ ላይ ነው፤ ዘይት የሚቀባው ግን እዚህ ነው" እያልኩ እጎርር ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ በክብሬ እምላለሁ፣ እጄ አንዳች ነገር አላገኘም።

ያገኘው ሐምሌ 12 ቀን ነው። ያ ቀን የመላጫው ቀን ነበር። የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሲቃረብ አሥራ ስምንቱም ተጫዋቾች በቁጥራቸው ተራ ተሰልፈው መጥተው ራሳቸውን በማሽን ይላጫሉ፤ ተላጭቶ የጨረሰ በሁለት እጁ ራሱን ጧ አድርጎ መትቶ "ዝግጁ!" ብሎ ይጮኻል፤ ለመስተዋቱም እጅ ይነሳል። ከቁጥር አንድ ስለሚጀመር መጀመሪያ የተቀመጠው የአንተ ልጅ ነው። ላጨሁት። ራሱን መታ፤ ግን በግራ እጁ ብቻ።

"ሌላኛው እጅህስ የት ሄደ?" አልኩት።

"ዛሬ ዕረፍት ወጥቷል አጎቴ" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንደ ወጉ ትከሻውን መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። ግራውን መታሁ። ቀኙን ስመታ ድምፅ አላወጣም፤ በመስተዋቱ ውስጥ ግን ከተላጨው ራሱ ላይ ላቡ እንደ ዝናብ ፈሰሰ።

"አጎቴ፣ ቀስ ይበሉ" አለኝ።

ሴይጂ፣ ይህ ልጅ በአምስት ዓመቱ የዓሣ መንጠቆ ከተረከዙ ሲወጣ "ቀስ" ያላለ ልጅ ነው። እጅህን አንሣ አልኩት። ክንዱ እስከ አገጩ ድረስ መጣና እንደ ዛገ መዝጊያ ተገትሮ ቀረ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ብጠይቀው "ቼሪው ሲያብብ" አለ። ቼሪው ያበበው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረም። ይህን ጮክ ብዬ ስል በመስተዋቱ ውስጥ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከኋላው የተሰለፉት አሥራ ሰባት ልጆች መሳቃቸውን ትተው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የእነሱን ራስ ስላጭ ዓይኔ ከኖቦሩ ትከሻ አልነሣ ስላለ፣ ቡድናችን ዘንድሮ ወደ ውድድር የገባው አሥራ አንድ ቦታ ላይ የተቧጨሩ ጭንቅላቶች ይዞ ነው።

በማግስቱ እኔና ሳቺኮ ልጁን ይዘን በአውቶቡስ ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጺሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ እግር ነው፤ እኔ ብሆን ምላጭ ሳይሆን ፎጣ ብቻ ነበር የማሳልፍበት። ግን ዐዋቂ ነው። ሁለቱንም ትከሻ ራጅ አንስቶ ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ሰቀለልን። የክንዱ አጥንት ራስ አካባቢ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ መስመር አለ። በግራው እንደ ክር ቀጭን ነው። በቀኙ አፉን ከፍቷል።

"ልጁ ባለፈው አንድ ዓመት ስንት አደገ?" ብሎ ጠየቀ።

"አሥር ሳንቲሜትር፤ ሱሪው እኔን ገደለኝ" አለች ሳቺኮ።

"እንግዲያው ቤቱ ገና እየተሠራ ነው፤ እናንተ ደግሞ ጣሪያው ላይ ትጨፍራላችሁ" አለ። ቀጥሎም ነገሩን እንዲህ አስረዳን። ይህ ከመወርወር ብዛት የመጣ ነው። አሁን ካቆመ መስመሩ ይዘጋል፣ ልጁም ይድናል። ከቀጠለ ግን አጥንቱ ተዛብቶ ሊያድግ፣ ክንዱም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ሦስት ወር ኳስ አይወረውርም። ሳቺኮ ጠጠርስ ብትለው ጠጠርም፣ ባቄላም፣ ትራስም አለ። ከሦስት ወር በኋላ ራጁ ታይቶ ከአሥር እርምጃ ርቀት ይጀመራል፤ ቀስ በቀስም ይራቅለታል። ወደፊት ወርውሮ ሲጨርስም ትከሻውን በበረዶ ማቀዝቀዝ ጥሩ ነው አለ። እዚህ ላይ ሳቺኮ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። የሹራብ እጅጌ አስረን ያሳደርነውን ትከሻ፣ ሰውየው እንደ ቱና በረዶ ውስጥ ክተቱት ይለናል!

"ሌላስ? ይህን ትከሻ በኃይል የሚያሸው ሰው አለ?" ብሎም ጠየቀ።

በዚህ ጊዜ እኔ የመስኮቱን መጋረጃ ማድነቅ ጀመርኩ። ጥሩ መጋረጃ ነበር፣ አረንጓዴ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ላይ ደረሰ። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና "እወረውራለሁ" አለ። እናቱ ምንህን ይዘህ ነው የምትወረውረው አለችው። "አባባ ኳሱን ለሌላ አትስጥ ብሏል። እሱ እዚያ ማዕበል ውስጥ እጁን ተወግቶ ሥራውን ለሌላ ሰጠ?" አላት። ሳቺኮ ወደ ባሕሩ ፊቷን አዞረች። ማልቀሷን ያወቅሁት ከጀርባዋ ነው፤ ፊቷን አላየሁም።

የውድድሩ መጀመሪያ ሐምሌ 17 ነበር። አራት ቀን ቀርቶናል።

አሰልጣኝ ኢዋሳኪ በማግስቱ ወደ ጸጉር ቤቱ መጣ። አንተም ታስታውሳለህ፤ ይህ ሰው በተማሪነቱ ሦስት ቀን በተከታታይ ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ ከተማውን ያስጨፈረ ነው። ያ ክንዱ ከዚያ ወዲህ ከጆሮው በላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየሦስት ቀኑ እየመጣ ጸጉሩን የማበጥርለት እኔ ነኝ። ነገሩን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

"ጋሽ ቶራኪቺ፣ ሕመም ያለ ነገር ነው" አለ። "እኔም አሞኝ ወርውሬያለሁ። ታዲያ ምን ሆንኩ?"

ሴይጂ፣ ይህን ሲለኝ ማበጠሪያዬ ግንባሩ ላይ ነበር። እዚያው ቆመ። ከጥግ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አተር የምትፈለፍለው እናታችን ግን የዝምታን ጥቅም ተምራ አታውቅም።

"ምን ሆንክ? አንተ ኢዋሳኪ፣ የአርባ አራት ዓመት ጎረምሳ ነህ፤ ጸጉርህን ሰው ያበጥርልሃል! በበጋው ጭፈራ ጊዜ አንድ እጅህ ከእኛ ጋር ሲጨፍር ሌላው ቤት ጠባቂ ነው። ምን ሆንክ ይለኛል ደግሞ!"

"እማማ፣ ከተማው ሁሉ ይህን ልጅ ይጠብቃል እኮ..."

"ከተማው የየራሱን ትከሻ ይዞ ይጠብቅ!"

የሰውየው ጆሮ ቀላ። ከኋላው ስለቆምኩ ከጆሮው በላይ የማየው አልነበረኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጁ ራሱ ኳሱን ከሰጠ አላስገድደውም። ግን አቁም ብዬ አላዘውም። ለእኔ ማንም አቁም አላለኝም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚባል አላውቀውም" አለ። ተነሥቶ ሄደ። ጸጉሩን በግማሽ ብቻ አበጥሬለት ነበር፤ እንዲሁ እንደሆነ ሄደ።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ፤ በአንተ ላይ። ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሬዲዮ ጣቢያ ሮጥኩ። ሚኔኮ፣ ሬዲዮ ሠራተኛዋ፣ ማዳመጫዋን አንድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ ጠራቻችሁ። እናንተ ካላችሁበት አካባቢ ክፉ የአየር ጠባይ ስላለ ለሦስት ቀን ግንኙነት የለም አለችኝ።

"ሚኔኮ፣ እንግዲያው አንቺው ጥሩ መልስ ብትጽፊልኝስ?" አልኳት።

"ጋሽ ቶራኪቺ፣ እኔ ሬዲዮ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም" ብላ በር አሳየችኝ። ጨዋ ሴት ናት፤ በዚህ ጉዳይ አንዳች ጥፋት የለባትም። ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ባዶ የቴሌግራም ቅጽ እኔን ተከትሎ ቤት ድረስ መምጣቱን እሷ አታውቅም።

እንግዲህ አሁን ተናደድ። በግራ እጄ፣ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ፣ "ኳሱን ስጥ። አባትህ።" ብዬ ጻፍኩ። በስምህ ዋሸሁ። ሳቺኮ ገብታ አየችው። ጥቂት አሰበችና "ጋሼ፣ ይህን አላየሁም። ግን ያላየሁት ነገር ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እፍ ይበሉበት" አለችኝ።

ሐምሌ 16 ቀን ጠዋት ለልጁ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ አነበበው። ሁለት ቃል ናት፤ ሦስት ጊዜ የሚያስነብብ ነገር የላትም። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቴሌግራሙን አጥፎ ግመሉ ጎን ከተተው። "እሺ" አለ። ያ "እሺ" ራሱን ሲመታ ከሚጮኸው "ዝግጁ" ጋር አንድም አይገናኝም፤ ከሆድ ውስጥ ክብደት አውርዶ መሬት ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር ያለው።

በማግስቱ ጨዋታው ሲጀመር ባለ ቁጥር አንዱ ልጅህ ኳሱን ይዞ እስከ ወርዋሪው ጉብታ ድረስ ሮጠ። መላው ካጌኡራ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያም በግራ እጁ ኳሱን በኢኩኦ ጓንቲ ውስጥ አስቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው፤ ሮጦም ከመስመሩ ውጭ ቆመ። ጭብጨባው መሀል መንገድ ላይ ተበጠሰ። ኢኩኦ ማለት የአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ጥሩ ልጅ። ኳሱ ግን እንደ አባቱ አይብ ነው፤ ለስላሳና የማይቸኩል። እሱ ከወረወረ በኋላ ኳሱ እስኪደርስ መቺው አንድ ጊዜ ያዛጋል። ደግነቱ ለፈጣን ኳስ ተዘጋጅተው የመጡት ባላጋራዎቻችን ዱላቸውን እየቀደሙ እያወዛወዙ አየሩን ብቻ ሲገርፉ ዋሉ። አምስት ለአራት አሸነፍን!

ከጨዋታው በኋላ ያየሁትን ልንገርህ። አሰልጣኝ ኢዋሳኪ ከዓሣው በረዶ ፋብሪካ አንድ ባልዲ በረዶ በዚያች በምትሠራው እጁ ተሸክሞ መጣ። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ኢኩኦን አስቀምጦ ትከሻው ላይ በረዶ ቆለለበት።

"አሰልጣኝ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል" አለ ኢኩኦ።

"ዝም በል፤ እንዳትበላሽ ነው" አለው።

ሽማግሌዎቹ በድንጋጤ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖቦሩ በግራ እጁ እርሳስ ይዞ የኢኩኦን ውርወራ ይቆጥራል፤ መቶ ሲሞላ ግራ እጁን ያነሣል፤ አሰልጣኙም ያን እጅ ሲያይ ምንም ሳይል ኳሱን ይወስዳል። ቃሉን ገና አልተማረውም፤ ምልክቱን ግን ተምሯል።

በሁለተኛው ጨዋታ አሥራ አንድ ለሁለት ተሸነፍን። ያዛጉት መቺዎች እየነቁ መጡ። ከተማው አጥፊውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። "ቶራኪቺ የልጆቹን ራስ ሲላጭ ቤዝቦላችንንም አብሮ ላጨው" እየተባለ ነው። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ለእኔ የሚመዝኑልኝ ዓሣ ጭንቅላቱ የበዛ ሆኗል። ሊቀ መንበሩ ጸጉሩን ሊቆረጥ ወደ ሌላ ከተማ በጀልባ ሄደ፤ ደግ አልተደረገለትም፤ ጆሮዎቹ አሁን የሁለት ሰው ይመስላሉ። እኔም እችለዋለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለዚህ አይደለም።

የጻፍኩልህ ከሽንፈቱ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። ልጁ ወደ ጸጉር ቤቱ መጥቶ መጥረጊያ አነሣና በግራ እጁ መጥረግ ጀመረ። ወለሉ ላይ ጸጉር አልነበረም። ያን ቀን ደንበኛ አልመጣም።

"አጎቴ" አለኝ። "አባባ 'አባትህ' ብሎ ፈርሞ አያውቅም። ምንጊዜም 'ሴይጂ' ነው የሚለው።"

መቀስ እየሳልኩ ነበር፤ መሳሌን ቀጠልኩ።

"ደግሞ ለሦስት ቀን መርከቡን ማግኘት እንዳልተቻለ ከተማው ሁሉ ያውቃል።"

"ታዲያ ካወቅህ ለምን ታዘዝክ?" አልኩት።

"እንዲህ የሚለኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር" አለ። ትንሽ ጠረገና ደግሞ "ግን እውነተኛው አባባ ሲሰማ ይቆጣ ይሆን?" አለኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። ለአየር ጠባይ፣ ለምርጫ፣ ለሰው ሚስት ጠባይ፣ ላልተጠየቅሁት ሁሉ መልስ አለኝ። ለዚህ አልነበረኝም። ልጁ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ጠርጎ መጥረጊያውን ሰቀለና ሄደ። ኮፍያው ውስጥ አሁን ሁለት ትእዛዝ ተሰፍቷል፤ አንዱ እውነተኛና ክፉ፣ አንዱ ሐሰተኛና ደግ። በእነዚህ መካከል ተቀምጦ ሦስት ወር ይጠብቃል። ጥቅምት ላይ ራጁ ይታያል፤ ከዚያ አሥር እርምጃ። ትከሻው በጊዜው እንደሚዘጋ ሐኪሙ ነግሮናል። ይህኛው መስመር ግን ካንተ በቀር የሚዘጋው የለም።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህ ደብዳቤ በሚቀጥለው ወደብ ሲደርስህ፣ ቢራውን ከመጠጣትህ በፊት፣ ሬዲዮ ክፍሉ ሂድና ለልጅህ ቃል ላክለት። ያንን ቴሌግራምም የላክሁት እኔ ነኝ ብለህ አትዋሽለት፤ በቤታችን ውሸታም አንድ ይበቃል። "በርታ" አትበለው፤ በርትቶ ነው የተጎዳው። ምን እንደምትለው አላዝህም፤ እኔ በአንተ ስም መጻፍ አቁሜያለሁ። ብቻ ከታች "ሴይጂ" ብለህ ፈርም።

እናታችን ሰላም ትልሃለች፤ የሹራብህን ሁለተኛ እጅጌም ቆርጣ ለራሷ ጉልበት ስላዋለችው፣ ስትመጣ ከሹራብህ የተረፈውን እንደ ሰደርያ ትለብሰዋለህ። ሳቺኮ ናፍቆቷን ልካልሃለች፤ ያላየችውን ነገር ሁሉ አንተም እንዳላየኸው እንድትቆጥርላት ትለምንሃለች። ኖቦሩ ሰላም ይልሃል፤ በዚህ ወረቀት ኅዳግ ላይ ያለችው ድንች የምትመስል ነገር በግራ እጁ የሳላት ቱና ናት። ኢኩኦ ከነባልዲው ሰላም ብሏል። አሰልጣኝ ኢዋሳኪ እጅ ነሥቷል። ሚኔኮ ማዳመጫዋን አድርጋ ትጠብቅሃለች። ለካፒቴኑ፣ ለጓደኞችህና ሩዝ ለሚያሳርረው ወጥ ቤታችሁ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባሕሩ ይራራላችሁ፤ እግራችሁ ደረቅ መሬት ይርገጥ።

ወንድምህ ቶራኪቺ፣ ጸጉር አስተካካይ

ካጌኡራ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1983

እርማት፦ ከላይ በሰፈረው ደብዳቤ ውስጥ ስህተቶች ስለተገኙ እንደሚከተለው ታርመው እንዲነበቡ በትሕትና ይጠየቃል። ምሰሶውን በሚመለከት "የባሕር ጨው ሞተሩን ስለበላው" የሚለው፣ "ከሆስፒታል እንደተመለሰ ወንድምህ ሶኬቱን ስለነቀለው" ተብሎ ይነበብ። "በክብሬ እምላለሁ" የሚለው ያለበት ዐረፍተ ነገር በሙሉ ይሰረዝ። "ሦስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረም" የሚለው፣ "በሚያዝያ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰው ያመኛል ብሎ ተናግሯል፤ ያ ሰውም 'የጡንቻ ቋጠሮ ነው፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ ቻለው' ብሎት ይበልጥ ጫነው" ተብሎ ይነበብ። የሰውየው ስም ከቀኑ በላይ ተጽፏል።